የጓሯችን ፏፏቴ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድን ሰው ከአያቴ ለማዳን ብዬ ቤታችንን በውሃ አጥለቀለቅሁት።

ሰውየው ጋሼ ኡርጌሳ ይባላል፤ ሥራው በሰው ጓሮ ድንጋይ ማንጠፍና ፏፏቴ መሥራት ነበር። አያቴ ደግሞ እትዬ ዓለምጸሐይ ናት፤ እኛ እማማ ነው የምንላት። ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ቁመቷ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ድምጿ ግን አጥር ይዘላል።

የምንኖረው ፈረንጅ አገር፣ ከከተማ ዳር ነው፤ ባቡሩ ገና ሰፈራችን ታርኔት አልደረሰም ነበር። ቤታችን ከመንገዱ የመጨረሻው ነው፤ በአንድ በኩል አንድ ጎረቤት አለን፤ በሌላው በኩል ሣርና የሽቦ አጥር ብቻ። ውስጡ ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ምንጣፉ ሳይቀር አዲስ አዲስ ይሸታል። ጓሮው ግን ሠሪዎቹ ጥለውት እንደሄዱ ነበር፤ ሲዘንብ ጫማ የሚያስወልቅ፣ ሲደርቅ እንደ ተረከዝ የሚሰነጠቅ ጭቃ። አባዬ አንድ ቅዳሜ ዛፍ ልትከል ብሎ ወጣና ሁለት ቦታ ቆፈረ። ሁለቱም ቦታ መቆፈሪያው ጥቁር ድንጋይ መታና "ኳ!" አለ። አባዬ ሌሊት ሙሉ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን አድሮ የመጣ ሰው ነው፤ መቆፈሪያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ገብቶ ተኛ።

እማማ ከአዲስ አበባ ከመጣች አራት ወር ሆኗት ነበር። ወንዱ አያታችን ሲሞት እናቴ ፀደንያ "ብቻዋን አትቀመጥም" ብላ አስመጣቻት። ክፍሏ በስተኋላ ያለው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ነው። መጋረጃውን አትከፍተውም። ለቁርስ ስንጠራት "አልራበኝም" ትላለች፤ ለምሳ ስንጠራት "ቅድም በልቻለሁ" ትላለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

"ሰው የታለ?" ትለኛለች።

"የምን ሰው?"

"ሰው ነዋ! መንገድ ላይ የሚሄድ፣ የሚያስል፣ በር የሚያንኳኳ።"

እኔ ሐሳቤ ሌላ ነበር። አውሮፕላኑ ሃያ ሰዓት እንደፈጀ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በእኔ ሒሳብ እማማ ገና እንቅልፏን አልጨረሰችም። እናቴ ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ገብታ፣ በሩን ዘግታ ቆይታ፣ ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ ደግሞ የልብስ ሳሙናው ነው ብዬ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ሌላ ዓይነት ሳሙና አነሳሁና "ይሄ አያስለቅስም" አልኳት። እናቴ እዚያው መደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብላ አጥብቃ አቀፈችኝ። ለአንድ ሳሙና ይህን ያህል መታቀፌ ገርሞኝ ነበር።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ እናቴ "ጓሮውን ላሠራው ነው" አለች። "ድንጋይ ላስነጥፍበት። ወዲያ አጥሩ ሥር ደግሞ ውሃ የሚወርድበት ነገር።"

እማማ ጉርሻዋን አቁማ "ምን ዓይነት ድንጋይ?" አለች።

"እኔ ምን አውቃለሁ እማዬ፣ ሠሪው ያመጣል።"

"ሠሪው ያመጣል!" አለች እማማ፤ የምታናግረው ግድግዳውን ነበር። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እናቴ ተከተለቻት። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እማማ ጮክ ብላ "ሚካኤልን!" ስትል፣ እናቴ ደግሞ በቀጭን ድምፅ "እሺ፣ እሺ በቃ" ስትላት።

የትምህርት ቤት ዕረፍት በጀመረ ሰኞ ጋሼ ኡርጌሳ በነጭ ዩት፣ ከኋላዋ ክፍት በሆነች የጭነት መኪና፣ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ በአቧራ የነጡ፣ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። አማርኛን ወለጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የተማረው፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል እያንዳንዱን ቃል ረጋ ብሎ፣ ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጥ ሆኖ የሚናገረው። ድንጋይን ሁሉ "እሷ" ይላል። ከመኪናው ሲያወርድ "ነይ እስቲ እመቤት፣ ቀስ" ይላታል። እንቢ ስትለው "እሺ፣ አትቆጪ" ብሎ በሌላ ጎኗ ይዞራል። በመጀመሪያው ሰዓት ወደድሁት። ለእኔና ለአምስት ዓመቱ ወንድሜ ለሔኖክ አንድ ሕግ ብቻ አወጣልን፤ መሬት ላይ ቢጫ ሲባጎ ወጠረና "ከዚች ወዲህ እግር የለም" አለን።

ከዚያ የዩቷን ጀርባ ከፍቶ የቀረውን ድንጋይ አንድ ላይ አራገፈው። ምድር ተንቀጠቀጠ። የእማማ መጋረጃ ተከፈተ።

ጥቂት ቆይቶ ራሷ ወጣች፤ ነጠላዋን እንደነገሩ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እግሯን ለሁለት እግር በሚበቃው የአባዬ ሸበጥ ውስጥ ከትታ። ጋሼ ኡርጌሳ ኮፍያውን አውልቆ "እንደምን አደሩ እትዬ?" አለ። እማማ ከቦርሳዋ ቁልፍ አወጣች፤ ወደ ክምሩ ሄደች፤ አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ በቁልፉ መታ አደረገችው። "ጭል" አለ።

"ይሄ ደህና ነው።"

ሁለተኛውን መታችው። "ዱብ" አለ።

"ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል። ማነው የመረጠልህ?"

"እኔው ነኝ፣ እትዬ።"

"ዓይንህን ያምሃል?"

እኔ በእሱ ፋንታ አፈርሁ። እንግዳ ሰው፣ ገና ስሙን እንኳን ሳትጠይቀው! ጋሼ ኡርጌሳ ግን የተሰነጠቀውን ድንጋይ አንሥቶ ለብቻ አኖረውና "ልክ ነዎት" አለ።

ማታ አባዬ ሥራ ከመሄዱ በፊት እናቴን "ምን አውቃ ነው እንዲህ የምታዝዘው?" ሲላት "እናቴ እኮ ድንጋይ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ" አለችው። ይህን ሰምቼ አባባል ነው ብዬ አለፍሁት፤ እናቴ ብዙ እንደዚህ ዓይነት አባባል ነበራት። "ደሜን ተፍቼ" ትላለች፣ ደም ግን አልተፋችም። "ድንጋይ ሸጣ" ማለትም በጣም ደኸይታ ማለት መስሎኝ ነበር። ደግሞስ ድንጋይን ማን ይገዛል? ጓሯችን መሬት ሙሉ ድንጋይ በነፃ አለ።

እማማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሊቲ መንገድ ዳር የግንባታ ድንጋይ ነጋዴ እንደነበረች፣ ገልባጭ መኪና ሙሉ የአምቦ ድንጋይ በዓይኗ ብቻ አይታ "ይህን መልሰው" እንደምትል፣ ግንበኞቹም ከጀርባዋ "ወይዘሮ ውሃ ልክ" እንደሚሏት ያወቅሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ ኡርጌሳ መከራ ተጀመረ፤ እኔ እንደማየው ማለቴ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዩቷ ስትቆም እማማ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የወጥ ቤቱን ወንበር ራሷ ጎትታ አውጥታ ተቀምጣለች። እሱ አሸዋውን ደልድሎ፣ በእንጨት አስተካክሎ፣ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ በላስቲክ መዶሻው ሦስቴ ይመታዋል፤ ቀና ብሎ ያያታል።

"ወደ ግራ አዘምሟል" ትላለች።

ውሃ ልኩን ያመጣል፤ ያስቀምጣል፤ ያያል። "አዎ፣ አዘምማለች።" ያነሣታል።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን ያደርጋል። "አንተ ሰው! መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ወረደ እኮ! ግድግዳ ነው የምትሠራው ወይስ መሰላል?" ያነሣቸዋል። ማግስቱን ደግሞ ቀጭኑን ከወፍራሙ አጠገብ ያኖራል። ሰው የሚደናቀፍበት ደረጃ ሆነ ብላ ትጮኻለች። ይህንንም ያነሣል።

በዕድሜዬ እንዲህ የሚሳሳት ሰው አይቼ አላውቅም። በጣም አሳዘነኝ።

የባሰው ምሳው ነበር። ዩቷ ውስጥ ዳቦውን እየበላ እያለ እማማ በእኔ እጅ ሰሐን ትልክለታለች፤ በሽንኩርት የተጠቀጠቀ ስንግ ቃሪያ። "ሁሉንም ይጨርስ በዪው" ትለኛለች። ይጨርሳል። ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። "እግዜር ይስጥልኝ በያት" ይለኛል በተቃጠለ አፍ። ለድንጋዩ ጥፋት በቃሪያ እየቀጣችው እንደሆነ አልተጠራጠርሁም። በድብቅ አንድ ብርጭቆ ወተት ማድረስ ጀመርሁ። ያንን ቃሪያ ለመጠቅጠቅ እማማ በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤት መግባቷን፣ እናቴም ማቀዝቀዣውን ከፍታ ከጀርባው ተደብቃ እንደምታያት ልብ አላልሁም።

ዕረፍቱ አልቆ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥራው ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። አጥሩ ሥር ገንዳው ተቆፍሮ፣ ጥቁር ላስቲክ ተነጥፎበት፣ ከበላዩ አራት ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። ከቤቱ እስከዚያ ያለው መሬት በጠፍጣፋ ድንጋይ ሊሸፈን ትንሽ ቀርቶታል።

ረቡዕ ማታ፣ ጠረጴዛ ሥር የሔኖክን መጫወቻ መኪና ስፈልግ አባዬና እናቴ ወጥ ቤት ገቡ። አባዬ የሥራ ጫማውን እያሠረ ነው።

"የሁለት ሳምንት ሥራ ነው ያልሽኝ። ዓርብ ይጨርስና ይገላገል።"

"ቀስ በል ወንድማገኘሁ፣ ትሰማለች። ዓርብ ካለቀማ አለቀልን እኮ! እማዬ ምላለች። በሚካኤል ነው የማለችው፤ ከማለች ደግሞ ወደ ኋላ አትልም።"

"እና ጋሼ ኡርጌሳ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሠቃየው? የሰው መሳቂያ ሆነ እኮ።"

"አንድ ሳምንት። አንድ ሳምንት ብቻ ይጨምርልን።"

ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው፤ "አለቀልን" ማለት "ተጠናቀቀልን፣ ተገላገልን" ማለት ነበር የመሰለኝ። ዓርብ ካለቀ ሁሉም ደስ ይለዋል። ካላለቀ ግን እማማ ምላለች። ምን ብላ? ይህማ ጥያቄም አያስፈልገው፤ ጋሼ ኡርጌሳን ልታባርር! እናቴ አንድ ሳምንት ጨምሪለት ብላ እየለመነችለት ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሩጬ ጓሮ ወጣሁ። የቀረ የለም ማለት ይቻላል። ፓምፑ ገንዳው ውስጥ ገብቷል፤ ማብሪያው ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ልቤ ቀለል አለ። እማማ ግን የመጠጥ ውሃ ብርጭቆዋን ይዛ ንጣፉ መሐል ቆማለች። ብርጭቆውን ደፋችው። ውሃው ትንሽ ቆመ፣ እንደሚያስብ ሆነ፣ ከዚያ በቀጭኑ ወደ ላውንደሪው በር ተንቆረቆረ።

"ይኸው!" አለች። "ቁልቁለቱ ወደ ቤት ነው! ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን ታንኳ ልትገዛላቸው ነው?"

"ሦስቷን አንሥቼ እደግማለሁ፣ እትዬ።"

"ሦስቷን? ከሥር ነው እንጂ!"

"እንግዲያ ነገ አያልቅም" አለ ጋሼ ኡርጌሳ፤ ፈገግ አለ። እንዳያለቅስ ነው ብዬ አሰብሁ። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ውሳኔዬን ወሰንሁ።

ዓርብ በማለዳ፣ ገና ወፎቹ ሲንጫጩ ሔኖክን ቀሰቀስሁት። አባዬ ከሥራ አልተመለሰም፤ እናቴ ማሪቢርኖንግ ገበያ ማዕከል ውስጥ የምትሠራው ከረፋዱ ጀምሮ ስለሆነ ገና አልተነሣችም። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ውሃው ከወረደ ሥራው አልቋል ማለት ነው። እማማ መጋረጃዋን ስትከፍት ፏፏቴው እየፈሰሰ ታየዋለች፤ አፏ ይዘጋል፤ ጋሼ ኡርጌሳ ይተርፋል።

የውሃውን ጎማ እየጎተትሁ ቢጫውን ሲባጎ ተሻገርሁ። ሔኖክ ቧንቧው ላይ ቆሟል። "ናው? ናው?" ይላል በሹክሹክታ። "ናው!" አልሁት። ገንዳው ቀስ እያለ ሞላ። ማብሪያውን ተጫንሁ። ፓምፑ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው "ኽርር" አለና ከላይኛው ድንጋይ አናት ላይ ውሃ ብቅ አለ። አንዱን ድንጋይ ወረደ፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ደረቁ ጥቁር ድንጋይ ሲረጥብ እንደ ዓሣ ቆዳ አብለጨለጨ። ድምፁ ደግሞ! በዚያ ዝም ባለ መንገድ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራ ይመስል ነበር።

እኔና ሔኖክ እጅ ለእጅ ተያይዘን ዘለልን። ከዚያ ወደ ቤት ገብተን፣ ዩኒፎርማችንን ለብሰን፣ ቁርሳችንን ይዘን ጠረጴዛ ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀመጥን። ቧንቧውን ማን እንደሚዘጋው አልተነጋገርንም ነበር።

ሁለተኛ ሰሐኔን እየጨረስሁ ሔኖክ ጠረጴዛ ሥር ተመለከተና "ማሂ፣ ካልሲዬ ረጠበ" አለ።

ከላውንደሪው በር ሥር ውሃ እየገባ ነበር፤ ከነአሸዋው። የሔኖክ አንድ ጫማ ኮሪደሩን ይዞ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ የጓሮው በር ተበርግዶ የእማማ ድምፅ መጣ።

"ተነሡ! ቤቱ ሄደ! ፀደንያ!"

ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣለች፤ እግሯ ባዶ ነው። ቧንቧውን ዘጋችው፣ ፓምፑን ነቀለችው። ግን ንጣፉ ላይ የተኛው ውሃ አሸዋውን እያጠበ ወደ ቤት መውረዱን አላቆመም። እናቴ ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ ብቅ አለች። በዚሁ ቅጽበት ዩቷ ቆመች፤ ጋሼ ኡርጌሳ በጎን በር ሮጦ ገባና ደርቆ ቀረ።

"ምን ታያለህ? የጥጉን ድንጋይ አንሣ!" እማማ ጮኸችበት። "ውሃው መውጫ ይፈልጋል! በዚያ አይደለም፣ በአጥሩ በኩል! አካፋ! ፀደንያ፣ በሩ ላይ ልብስ አንጥፊ፣ ያገኘሽውን! ማሂ፣ ባልዲ!"

ጋሼ ኡርጌሳ ድንጋዩን ፈንቅሎ ጣለው፤ በሥሩ ቦይ ቀደደ። ውሃው አንዴ ተሽከረከረና ወደ አጥሩ ዞሮ፣ በእንጨቱ ሥር ሾልኮ ጠፋ። ሁላችንም ተነፈስን።

ከአጥሩ ማዶ የሴት ድምፅ መጣ። "ኤክስኪውዝ ሚ! ዎተር! ዎተር እዚህ... ኦ ማይ ጋድ!"

"ምን ትላለች?" አለች እማማ።

"ውሃችሁ እኔ ጋ ገባ ነው የምትለው፣ እትዬ።"

እማማ ወደ አጥሩ ዞረች። "ታዲያ እኔ ጋ ይቅር እንዴ!"

ማዶ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ፤ አንዲት ሻርፕ የተከናነበች ሴት ከአጥሩ በላይ እስከ አገጯ ብቅ አለች።

"ሐበሻ ናችሁ እንዴ?"

ፈጡማ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት። አጠገባችን አንድ ዓመት ኖራለች። ለእናቴ ሶማሌ መስላት፣ እናቴም ለእሷ ሱዳናዊት መስላት፣ ጋራዥ በር ላይ በተገናኙ ቁጥር "ሃሎ፣ ሃው አር ዩ" ሲባባሉ ኖረዋል። ፈጡማ መወልወያና አራት ፎጣ ይዛ መጣች። "አራት ወር ሙሉ እዚህ ነዎት? እዚችው ግድግዳ ሥር?" እያለች እማማን ደጋግማ ሳመቻት። እማማም እየተሳመች "አጥርሽ ሥር ያለውን አፈር ግን አስጠብቂው፣ ልል ነው" አለቻት።

አባዬ ከሌሊት ሥራው ገባ። ውሃውን አየ፣ እኛን አየ፣ የማያውቃትን ሴት አየ፤ ተመልሶ መኪናው ውስጥ መግባት የፈለገ ይመስል ነበር።

"ውሃውን ማነው የለቀቀው?" አለ።

ሔኖክ ጥያቄው ሳያልቅ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

እንባዬ አመለጠኝ። "ዓርብ ነው እኮ!" ብዬ ጮኽሁ። "ካላለቀ ልታባርሪው ምለሻል! በሚካኤል!"

"ማንን?" አለች እማማ።

"ጋሼ ኡርጌሳን! እሱ ምንም አላደረገሽም! ድንጋይ መሥራት አለመቻሉ የእሱ ጥፋት አይደለም!"

ጋሼ ኡርጌሳ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቴም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ የእሷም ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስለቀስሁ ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ።

እማማ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። ንጣፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። አሸዋው ታጥቦ ግማሹ ድንጋይ እንደ ወላለቀ ጥርስ ቆሟል።

"ፀደንያ" አለች።

"አቤት እማዬ።"

"ይሄ ሥራ አልቋል ይባላል?"

"ኧረ አይባልም።"

"አልቋል ብሎ የሚምል ሰው አለ?"

ማንም አልነበረም።

"እንግዲያ ከሥር ይጀመራል። አንተ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

ጋሼ ኡርጌሳ ኮፍያውን ከፊቱ አነሣ። ዓይኑ ርሷል። "እርስዎ ካሳዩኝ... እስከ ገና።"

"እስከ ገና" አለች እማማ፤ ቀሚሷን ከወገቧ ፈታች። "ይሁን።"

በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ ሳልቀጣም ዋልሁ። ጋሼ ኡርጌሳ ተረፈ፤ ያተረፍሁትም እኔ ነኝ። ይህን እምነቴን ይዤ ነው ያደግሁት።

እውነቱን የነገረኝ ራሱ ጋሼ ኡርጌሳ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ በጨረስሁበት ዓመት፣ የማሪቢርኖንግን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ አንድ ቤት ሲሠራ። እማማ የማለችው እሱን ልታባርር አልነበረም። እናቴ "ጓሮው እስኪያልቅ ብቻ ቆዪልኝ" ብትላት "ሥራው ባለቀ ማግስት አገሬ ነኝ፣ ሚካኤልን!" ብላ ነው የማለችው። እናቴ ይህን ለጋሼ ኡርጌሳ አጫወተችው፤ በመጀመሪያው ቀን በቁልፏ ድንጋይ ስትመታ ካየ በኋላ ደግሞ ሁለቱ ተመካከሩ። ድንጋዩን ሁሉ ያዛባው ሆን ብሎ ነው።

"በሕይወቴ እንደዚያ ደክሜ አላውቅም" አለኝ። "ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ እጄ ያውቀዋል። አጣምሞ ማስቀመጥ ግን! ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነገ ምን ላበላሽ እያልሁ አስብ ነበር። ደግሞ በጣም ከተበላሸ ትነቃብኛለች። ትንሽ፣ ልክ ሰው የሚሳሳተውን ያህል።"

"ቃሪያውስ?"

"ቃሪያውን ወድጄ ነው የበላሁት። ወተትሽ ነው ሆዴን ያሳመመኝ።"

ጓሮው ለገና ደረሰ፤ አማረም። ግን አንድ ጥግ ላይ የአንድ ድንጋይ ቦታ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ጋሼ ኡርጌሳ የሚገጥም ድንጋይ ባመጣ ቁጥር እማማ በቁልፏ መታ ታደርገውና "አይሆንም" ትላለች። ስለዚህ ሥራው አላለቀም፤ መሐላዋም አልፈረሰም። እሱም ድንጋይ ሊገዛ ሲሄድ በመኪናው ይወስዳት ጀመር። የድንጋይ መጋዘኑ ውስጥ በክምሮቹ መካከል ዱላዋን ይዛ ስትዞር ፈረንጆቹ ሠራተኞች መንገድ ይለቅቃሉ። እንግሊዝኛዋ "ዲስ" እና "ኖ ዲስ" ነው፤ በቂ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፈጡማ ጋ ናት፤ አጥሩ ላይ ትንሽ በር ተሠርቷል።

ያለፈው ጥቅምት፣ ሰማንያ ዓመቷን ባከበርንላት ማግስት ፏፏቴው አጠገብ ብቻችንን ተቀመጥን። እኔ ነኝ ወሬውን ያነሣሁት።

"እማማ፣ ጋሼ ኡርጌሳ ሆን ብሎ ሲያበላሽ እንደነበረ ታውቂያለሽ?"

"ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ" አለች። "እንዴት የሚያምር እጅ እኮ ነው ያለው። መዶሻ አያያዙን አይቼ ነው ያወቅሁት። እንደዚያ የሚይዝ ሰው በቀን ሦስቴ አይሳሳትም።"

"እና ለምን ትጮኺበት ነበር?"

"ደስ ይለው ነበራ።" ወደ ውሃው ዞር ብላ ጨመረች። "እኔም ደስ ይለኝ ነበር።"

"መሄድ አልፈለግሽም ማለት ነው?"

"ከማልሁ በኋላ ነው ያልፈለግሁት። ሚካኤልን ብዬ ከጮኽሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ቀረሁ ልበል? ያን ሐሙስ ማታ ቁጭ ብዬ ሻንጣዬን ሳየው ነበር ያደርሁት።"

ውሃው ይወርዳል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ውሃውን መልቀቄን፣ ቧንቧውን መርሳቴን፣ ቤቱን ማበላሸቴን።

"አይቼሻለሁ" አለች።

"መቼ?"

"ያኔ ነዋ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ጎማውን ስትጎትቺ፣ ያ ትንሹ ቧንቧው ላይ ሲንጠለጠል፣ ከዚያ ስትጨፍሩ። ገብታችሁ ቁርስ ስትበሉም ሰምቻችኋለሁ።"

"ቧንቧው ክፍት መሆኑን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ወዲያው ወጥተሽ አትዘጊውም ነበር?"

እማማ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ንጣፉንም እስከ ላውንደሪው በር ድረስ በዓይኗ ለካችው።

"ውሃው ገና በሩ ጋ አልደረሰም ነበራ" አለች።